ሰናይትን ሊያመጡ የሄዱት ኮርቻ ሰፊ

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በእናቴ አቆጣጠር ደግሞ አሥራ ሁለት ከመንፈቅ። እናቴ ዕድሜየን የምትቆጥረው በድንች ነው። ድንች ሲቆፈር ስለ ወለደችኝ፣ ሌላው ሰው ዘመን ሲለወጥ አንድ ዓመት ሲጨምር እሷ ድንቹ እስኪደርስ ትጠብቃለች። ለማንኛውም ልጅ ነበርሁ፤ ጊዜው ክረምት ነበር፤ ያለሁትም ዳንግላ ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የልጅ ልጄ የሕሊና ስልክ ነው። ባለፈው ሰሞን እዚህ እንጅባራ፣ በረንዳየ ላይ ቁጭ ብላ በስልኳ ልብ ወለድ ታነባለች። እኔ አጠገቧ ባቄላ እፈለፍላለሁ። ዝናቡ ከተራራው በኩል እየተንሿሿ መጣና እንደ ልማዱ ኔትወርኩን ይዞት ሄደ። ሕሊና ስልኳን ወደ ላይ አንሥታ ግራና ቀኝ አዞረችው፤ ምንም የለም። «አየሽ እማየ፣ ልጅቱ ልትገባ ይሁን ልትመለስ ሳላውቅ ቀረሁ» አለችኝ ከንፈሯን ጥላ። ይኸኔ አንድ መንገደኛ ፈረሱን ከነኮርቻው እየሳበ መጥቶ ከጣራየ ሥር አስጠለለው። የረጠበ ቆዳ ሸተተኝ። ቅቤም፣ ላብም፣ ጭስም ያለበት፣ ደግሞም ትንሽ የሚጣፍጥ የሚመስል ሽታ ነው፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ባቄላውን ከጭኔ አወረድሁ። ሕሊና «ምነው?» ትለኛለች፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርሁም። ዳንግላ፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ከአያ ዳምጤ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብያለሁ።

ዳንግላ የሄድሁት ለሰባተኛ ክፍል ነው። አገሬ ዘንገና ነው፣ ሐይቁ አፋፍ ላይ፤ በአጠገባችን ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ ስድስተኛ ላይ ያበቃል። ያኔ እንጅባራን ኮሶበር ነበር የምንላት። ዛሬ ባጃጅ እንደ ጉንዳን የሚተራመስባት ከተማ ያኔ የቀርከሃ አጥርና ጭቃ፣ ጥቂትም ቆርቆሮ ነበረች። ዳንግላ ግን ከተማ ነበረች። አውቶቡስ ያድርባታል። ሻይ ቤቷ ቀይ የቆዳ ልባስ ያለው ሬዲዮ አለው፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ባለቤቱ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ፀሐይ የሞቀ ለት ዘፋኟ ድምጿ ይጠራል፤ ክረምት ሲገባ እሷም እንደ ጉንፋናም ታጉረመርማለች። ስለዚህ የዚያን ዘመን ዘፈኖች ሁሉ እኔ የማውቃቸው ግማሽ ግማሽ ነው፤ መጨረሻቸውን ድንጋዩ ይበላዋል። የምለብሰው ከአክስቴ የወረደልኝ አረንጓዴ ሹራብ ነው፤ ክርኑ ላይ በሌላ አረንጓዴ የተጠገነ። ጫማየ ሰማያዊ የፕላስቲክ ኮንጎ ነው፤ ዝናብ ሲገባበት በየእርምጃው እንደ እንቁራሪት ይጮኻል፤ ልጆቹ እሱን ሰምተው ሳያዩኝ «አንጓች መጣች» ይላሉ። የምኖረው ከአባቴ እህት ከእትየ ሙሉ ቤት ነው። ባሏ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበር። እትየ ሙሉ እጇም ምላሷም ፈጣን ነበረች፤ እሳት ካላነደድሁ ትቆጣለች፤ ካነደድሁም እንጨት ጨረስሽ ትላለች።

መጽሐፉን ያገኘሁት በስኳር ነው። ያኔ ስኳር የሽልንግ የሽልንግ እየተቋጠረ ይሸጣል፤ ባለሱቁ ከፊቱ ካለ አሮጌ ወረቀት አንድ ገጽ ይቀድና ሾጣጣ አድርጎ ጠቅልሎ ስኳሩን ይሞላበታል። አንድ ቀን እትየ ሙሉ ልካኝ ስመለስ መንገድ ላይ ጥቅሉን ማንበብ ጀመርሁ። ጥቅሉ ክብ ስለሆነ ለማንበብ ማዞር አለብኝ፤ ሳዞረው ስኳሩ ይፈሳል። ስኳሩ ፈሰሰ፤ ተቆጣችኝ፤ እኔ ግን ሰናይት የምትባል አንዲት ልጅ ጫማዋን አውልቃ ለሌላ ልጅ ስትሰጥ አንብቤ ስለነበር ቁጣውን በደንብ አልሰማሁትም። በማግሥቱ ወደ ሱቁ ሄጄ የቀረውን ስጠኝ አልሁት። ባለሱቁ «ወረቀት በወረቀት ነው» አለኝ። ያለቁ ደብተሮቼን ሁሉ ሰብስቤ አመጣሁለት፤ ደብተሮቹን በአንዱ ሰሃን፣ መጽሐፉን በሌላው ሰሃን አድርጎ በስኳር ሚዛኑ መዘነ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ የተረፈውን ደብተር መለሰልኝ። ሐቀኛ ሰው ነበር። መጽሐፉ ሽፋን የለውም፤ መጀመሪያውም የለም፤ መጨረሻውንም የዳንግላ ሰው ከስኳር ጋር ወደ ቤቱ ወስዶታል። ስሙን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።

እሱን ይዤ ወደ ቤት ስሮጥ ነው ዝናብ አያ ዳምጤ ደጃፍ ላይ ያስጠለለኝ። አያ ዳምጤ ኮርቻ ሰፊ ናቸው። በእኛ አገር ፈረስ የሌለበት ሠርግም ለቅሶም የለምና፣ ሥራ ፈትተው አይውሉም። ቆዳውን በጭናቸው ላይ ይዘረጋሉ፣ በወስፌ ይበሳሉ፣ በጅማት ይሰፋሉ፣ ክሩን በጥርሳቸው ያጠብቃሉ። አገውኛቸው እንደ ወንዝ ነው፤ አማርኛቸው ደግሞ ቀስ ያለና ጥንቁቅ፣ ሰው ቤት እንደ ገባ እንግዳ። ጥግ ይዤ ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ ሳነብ ዓይተውኝ፣ ወስፌውን ከአፋቸው አወጡና፣ «ለብቻ መብላት ምንድን ነው ልጄ? ጮክ አድርጊው እንጂ» አሉኝ።

እንዲያ ተጀመረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ትምህርት ከተዘጋም በኋላ እትየ ሙሉ ስትልከኝ፣ እሳቸው ዘንድ ጎራ እላለሁ፤ እሳቸው ይሰፋሉ፤ እኔ አነባለሁ፤ የከበደውን በአገውኛ እተረጉምላቸዋለሁ። ባለቤታቸው እትየ ውዴ ከጓዳው በር ላይ ሆነው የተቀቀለ ድንች ከነልጣጩ ያቀብሉኛል፤ እየሰሙ የማይሰሙ ይመስላሉ። ባልና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም። ይህን ማንም አያነሣም፤ ቤቱ ግን ራሱ ይናገራል፤ ሁሉ ነገር ባስቀመጡት ቦታ ላይ ነው የሚገኘው።

የሰናይት ታሪክ እንዲህ ነው። እናቷ ሞታባት አጎቷ ከተማ ወስዶ ያሳድጋታል። የአጎቷ ሚስት አትወዳትም፤ ውኃ ስታስቀዳት፣ ስታስፈጭ፣ ስትመታት ትውላለች። ሰናይትም በበኩሏ አምርራ ትጠላታለች፤ እኔም አብሬ ጠላኋት፤ አያ ዳምጤማ ስሟ ሲነሣ ቆዳውን ጠንከር አድርገው ይወጉት ነበር። ኋላ አንድ ቀን ሰናይት በር ከፍታ ስትገባ ሴትዮዋ አልጋ ላይ ተቀምጣ ትንሽ የሕፃን ቀሚስ ታጥፋለች፤ ትዘረጋለች፤ መልሳ ታጥፋለች። የሞተችባት ልጅ ቀሚስ ነው። ሰናይት በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ ስትመታትም ያ ቀሚስ ይታያታል፤ መጥላት እንቢ አላት። እዚህ ላይ አያ ዳምጤ መስፋታቸውን አቆሙ። «ታዲያ አሁን አትሄድም ማለት ነው?» አሉኝ። እኔም ያልሁት እንዲያ ነበር። ሰናይት ግን ሄደች። ተቆጥታ አይደለም። ሴትዮዋን እግሯን አጥባ፣ እሳቱን አዳፍና፣ በሌላ ከተማ ትምህርት ቤት አለ ሲባል ሰምታ፣ ጥቅሏን ይዛ ወጣች። አዘነችላት፤ ግን አልቀረችላትም። ለሰው ማዘንና ለሰው መቅረት ለየብቻ መሆናቸውን ያወቅሁት ከዚያ ገጽ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባነበብሁትም ሁሉ እንደዚያ ግልጽ ሆኖልኝ አያውቅም። ትምህርቴ ከአሥረኛ አላለፈም፤ የቀረውን ያገኘሁትን እያነበብሁ ራሴ ነው የተማርሁት።

ያን ሰሞን ሰውን ሁለቴ ማየት ጀመርሁ። እትየ ሙሉን አየኋት። ባሏ ወደ ሩቅ አገር ተዛውሮ ነበር፤ ክረምቱ ሲያልቅ ቤቱ ሊዘጋ ነው። ሳታየኝ የዕቃ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ የቤቷን ምሰሶ በእጇ ትዳስሳለች። ቁጣዋ ሁሉ ከዚያ እንደሚመጣ ገባኝ። ግን እሷ ስትሄድ የእኔም ትምህርት አብሮ መሄዱ ነው። አባቴ ቅዳሜ በፈረስ መጥቶ ወደ ዘንገና ሊመልሰኝ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሽማግሌ ተልኳል። ልጁን አላውቀውም፤ ጥሩ በሬዎች አሉት ሲሉ ብቻ ሰምቻለሁ። ደብተሮቼ የሄዱት ለሰናይት ነው፤ አዲስ ደብተር ልግዛልሽ የሚል ሰውም አልነበረም፤ ለምን ይገዛል?

ይህን ለአያ ዳምጤ አልነገርኋቸውም። እሳቸው ያለባቸው የሰናይት ጭንቀት ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አያ ዳምጤ በሕይወታቸው ያዩት ወረቀት የዳኛ ውሳኔ፣ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍና ከወታደር የሚመጣ ደብዳቤ ነው። አንድ ቀን ፈረሰኛ ደንበኛቸው «ይህ የምታነቢላቸው ተረት ነው?» ቢለኝ እሳቸው ተቆጡ። «በአፍ የተነገረ ይዋሻል» አሉት። «ወረቀት ላይ የሰፈረውን ግን ዳኛ ያየዋል፣ ቄስ ያነበዋል። ማን ደፍሮ ይዋሻል?» እኔም አላረምኋቸውም፤ ለእኔም ብትሆን ሰናይት ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ያለች ነበረች። ሰናይት የደረሰችበትን ሐይቅም ሲጠይቁኝ ክብ ነው፣ ዳሩን ሁሉ ዛፍ ከቦታል፣ እንደኛ ዘንገና ያለ ነው አልኋቸው። አያ ዳምጤ አሰቡ። ክብ ሆኖ ዛፍ የከበበው ሐይቅ በዕድሜያቸው ያዩት ሁለት ነው፤ ዘንገናና ጥርባ። ጥርባ አጠገብ ደግሞ በመጽሐፉ የተባለው የመኪና መንገድ የለም። ቆዳቸውን እያገላበጡ በራሳቸው ነገሩን ጨረሱት፤ ለእኔ አልነገሩኝም።

ሌላም ልንገራችሁ፤ ወጣቶቹ አሁን የማታውቁት ከሆነ። በእኛ አገር ሰው ከወለደው ሌላ በማር ልጅ ያደርጋል። አባት የሚሆነው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ለልጁ ያጠባዋል። የጠባ የጡት ልጅ ነው፤ ከሥጋ ልጅ አይለይም፤ ይድረዋል፣ ያወርሰዋል፣ ይቀብረዋል። አያ ዳምጤ ራሳቸው ወላጆቻቸው በሕፃንነታቸው አልቀውባቸው ለኮርቻ ሰፊ ሲላላኩ ያደጉ ናቸው። ይህን ሲያጫውቱኝ ይስቁ ነበር፦ ጌታቸው አንድ ቀን ማር ሲበላ ጣቱን ቢያነሣ፣ ዳምጤ ዘለው ጣቱን በአፋቸው ያዙ። ሰውየው ቢጮኽ ቢጮኽ አለቀቁም። «ከዚያ በኋላ ምን ያድርግ?» አሉኝ። «የጠባን ልጅ ማን ያባርራል? ወስፌ አስያዘኝ።»

የመጨረሻው ገጽ ሐሙስ ቀን ላይ ደረሰ። ሰናይት ከሐይቁ አፋፍ፣ ከመንታ መንገዱ ላይ ቆማለች። ይመሻል፤ ዝናብ ይዘንባል፤ ጥቅሏን ከሹራቧ ሥር ደብቃለች። ከሩቅ የመኪና መብራት ታየ። «ሰናይትም መብራቱን ባየች ጊዜ እጇን» ይላል፤ ከዚያ ወረቀቱ አለቀ። አያ ዳምጤ ቀጥይ አሉኝ። የለም አልኋቸው። እጇን ምን? አሉኝ። አላውቅም አያ፣ ባለሱቁ ስኳር ጠቅሎበታል አልሁ። እውነትም ዝናብ እየዘነበ ነበር፤ ከደጃፋቸው ላይ እንደ መጋረጃ ይወርዳል። ዝናቡን ዓይተው፣ መጽሐፉን ዓይተው፣ ወስፌያቸውን ከቆዳው ላይ ነቀሉት። ደህና ዋሉ ብየ ወጣሁ።

በማግሥቱ ስመጣ የኮርቻ መስፊያ ሱቃቸው ዝግ ነው። እትየ ውዴ በር ላይ ቆመዋል። አያ ዳምጤ ታመሙ ወይ ብየ ደነገጥሁ።

«ሰናይትን ሊያመጣ ሄደ» አሉኝ።

ዳማ ፈረሳቸውን ጭነው፣ አንድ ትርፍ ጋቢ ጠቅልለው፣ ትንሿን የማር ቅል በአገልግል አድርገው፣ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ዘንገና ገስግሰዋል። ልጅ ዝናብ ላይ ቆማ እንዴት ይተኛል ብለዋል። ሌሊቱን ተገላብጠው ነው ያደሩት። እትየ ውዴ ይህን ሁሉ የነገሩኝ እንደ ተራ ነገር ነው፤ ገበያ ሄደ እንደሚባል።

«እትየ፣ ሰናይት እኮ የለችም» አልሁ።

«እኔ ይህን ማወቅ ያቅተኛል?» አሉ እትየ ውዴ። «ሰውየው ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ራት ላይ ዛሬ ሰናይት እንዲህ አደረገች፣ ዛሬ ሰናይት እንዲህ አለች ይለኛል። በዚህ ቤት ራት ላይ ስለ ልጅ ተወርቶ አያውቅም። ለምን ልቀማው?»

ያን ዕለትና በማግሥቱ ያለፈውን ኋላ የነገረኝ አባቴ ነው። አያ ዳምጤ በአዲስ ቅዳም በኩል አለፉ። ዛሬ በዚያ ስታልፉ መንገዱ ዳርና ዳር በከሰል ጆንያ የተሰለፈ ነው፤ ያኔ ገብስና ድንች ነበር፣ ጉም ደግሞ እስከ ፈረስ ጉልበት። ዘንገና ሲደርሱ የሐይቁን አፋፍ ዞሩት። እንጨት ለቃሚ ሴቶችን ሁሉ ጠየቁ፤ ብቻዋን የምትሄድ፣ ጥቅል የያዘች፣ ለሰው የምታዝን ልጅ አላያችሁም ወይ? ሴቶቹ ተማከሩ። ለትምህርት ብላ ከቤቷ የወጣች ልጅ የምናውቀው አንጓችን ነው አሉና ወደ አባቴ ቤት ላኳቸው። አባቴ ሰው የሚወድ ነው፤ ልብሳቸውን አድርቆ፣ ፈረሳቸውን አጉርሶ፣ ምን ፈልገው እንደመጡ ጠየቀ። አያ ዳምጤም ስለ ሰናይት ነገሩት፤ የምትለውን፣ የምታስበውን፣ ስትከፋ የምትናገረውን። አባቴ ሲሰማ ቆየና እንዲህ አላቸው፦ «ልጅቱን አላውቃትም፤ አነጋገሯ ግን የእኔ ልጅ አነጋገር ነው።» እውነቱን ነው። የሰናይትን ቃል ሁሉ ወደ አገውኛ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ አነጋገር ከየት ላምጣ?

ቅዳሜ ሁለት ፈረሶች አንድ ላይ ዳንግላ ገቡ። ሁላችንም የአያ ዳምጤ ሱቅ ውስጥ ተሰበሰብን፤ አባቴ፣ ሣጥኔን ተሸክማ የመጣችው እትየ ሙሉ፣ እትየ ውዴ፣ እኔ። ውጭው ያካፋል። ቤቱን የረጠበ ቆዳ ሞልቶታል። አያ ዳምጤ አገልግሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ ጋቢው እንደ ታጠፈ ነው። «ሳልደርስባት ሄደች መሰለኝ» አሉኝ። «መኪናው ይዟት ሄዶ ይሆናል። እስኪ መጽሐፉን እንደገና እይው።»

መንገር ነበረብኝ። አባቴ አጠገቤ ነው፤ አያየኝም፤ እሳቸውን ያያል።

«አያ፣ ሰናይት የለችም» አልሁ። «ሰው ያሰባት ናት።»

«ማን አሰባት?»

«የጻፈው ሰው።»

«እሱስ የት ነው ያለ?»

«አላውቅም፤ ሽፋኑ ተቀዷል።»

አያ ዳምጤ አልተናደዱም፤ አላፈሩም። የማር ቅሏን ከአገልግሉ አውጥተው ክዳኗን ከፈቱ፤ ለምን እንደ ከፈቱት እሳቸውም የሚያውቁ አልመሰለኝም፤ እጃቸው ሥራ ለምዶ ነው። ከዚያ ቀስ ባለው አማርኛቸው፣ «እሱ ያሰባት ከሆነ፣ ዝናብ ላይ ለምን ተዋት?» አሉ።

 ፊታቸውን አየሁት። ያች ሴት ቀሚስ ስታጥፍና ስትዘረጋ የነበራት ፊት ምን ይመስል እንደነበር መጽሐፉ አልጻፈውም፤ እኔ ግን ያን ጊዜ አየሁት። ደግሞ ሣጥኔን አየሁት፤ ገመድ ታስሮ ከደጃፉ ላይ ቆሟል፤ የአባቴ ፈረስ ከውጭ ይጠብቀዋል። ለእሳቸው አዝኜ ይሁን ለራሴ ፈርቼ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሳስበው ቆይቻለሁ፤ አሁን አልለየውም። ተነሣሁ። አውራ ጣታቸውን ያዝሁ፤ ወስፌ የበሳሳው፣ እንደ ቆዳ የደረቀ ጣት ነው። ቅሏ ውስጥ ነከርሁትና ጠባሁት።

እትየ ሙሉ ጮኸች። አባቷ እዚህ ቆሞ፣ ምን ጉድ ነው፣ ምን ነውር ነው ትላለች። አያ ዳምጤ ጣታቸውን አልሳቡም። «ልጄ፣ አባትሽ አለ እኮ» አሉኝ በለሆሳስ።

«አባየማ አለ» አልሁ ማሩን እየዋጥሁ። «ግን አባየ ያለው ዘንገና ነው፤ ትምህርት ቤቱ እዚህ ነው።»

ይህን ስናገር ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። ማንም አላስጠናኝም፤ ከመጽሐፉም አልቀዳሁትም። አባቴን ቀና ብየ ላየው ፈራሁ፤ ግን አየሁት። ካፖርቱ ተንጠባጥቦ ከእግሩ ሥር ውኃ ቋጥሯል። እኔን ሊወስድ ረጅም መንገድ መጥቷል፤ ለሽማግሌዎቹ ቃል ገብቷል፤ አሁን በሰው ቤት፣ በሰው ፊት ልጁ ሌላ ሰው አባት አደረገች። አዘንሁለት። በዕድሜየ ለማንም እንደዚያ አዝኜ አላውቅም። ግን የአያ ዳምጤን ጣት አልለቀቅሁም።

አባቴ ወደ እትየ ውዴ ዞረ። «ጠባች?» አላቸው።

«ጠባች» አሉ እትየ ውዴ። «እኔ ምስክር ነኝ።»

«ማር ነው?»

«የጥቅምት ማር ነው፤ ንጹሕ።»

ከዚያ በኋላ አባቴና አያ ዳምጤ ስለ ገብስ አወሩ፤ ስለ ዝናቡ አወሩ፤ የአያ ዳምጤ ዳማ አዲስ ቅዳም ላይ እንዴት እንደ ደነበረ አውርተው ሳቁ። ያን ትርፍ ጋቢ ፈትቼ ሌሊቱን እኔ ለበስሁት። የሕፃን ልክ ነበር፤ እግሬ ውጭ ቀረ። አያ ዳምጤ ሰናይትን ስንት ዓመት አድርገው እንዳሰቧት ያን ሌሊት አወቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ ሌላ ቀን ሕሊና ስትጠይቀኝ እነግራታለሁ። በዚያ ቤት ዓመታት ተቀመጥሁ። ነገሮች ባስቀመጧቸው ቦታ መገኘት አቆሙ፤ እትየ ውዴ ወስፌ ከእንጀራ ሞሰብ ውስጥ፣ ደብተር ከኮርቻ ሥር እያወጡ ያማርሩ ነበር፤ ሲያማርሩ ግን ፊታቸው ያበራል። አያ ዳምጤ የሰናይትን ነገር ጨርሰው አልተውትም። ዝናብ ሲበረታ መስፋታቸውን ያቆሙና ወደ መንገዱ ያያሉ። እኔም አንድ ጊዜ መጨረሻውን ራሴ ጽፌ ላነብላቸው አስቤ፣ እጇን ዘርግታ መኪናው ቆመላት ብየ ጀምሬ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀቱን ዓይተው፣ ይህ የአንቺ ጽሑፍ ነው፤ እሷ ያደረገችውን እሷ ታውቃለች አሉኝ። ቀብራቸው ላይ ዳማ ፈረሳቸው ከሞተ ቆይቶ ነበርና የእሱን የልጅ ልጅ ከነኮርቻው እየሳብሁ ከሬሣው ፊት የሄድሁት እኔ ነኝ፤ የልጅ ወግ ነው። የሥጋ ዘመዶቻቸው ጥግ ይዘው ቦታውን ለቀቁልኝ።

ዝናቡ አባርቶ ኔትወርኩ ተመለሰ። ሕሊና ስልኳን ይዛ፣ መጨረሻውን ሳትከፍተው፣ «አባትሽስ? እሱ ምን አደረገ?» አለችኝ።

አባቴ እሑድ ጠዋት ተነሣ። ከአያ ዳምጤ ጋር ቁርስ በላ። ሣጥኔን ከደጃፉ አንሥቶ ወደ ጓዳ አስገባው፤ ገመዱን ፈትቶ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። እኔን ሊወስድበት ያመጣውን ፈረሱን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እናቴ የምሄድበት እንዲሆን፣ ከአያ ዳምጤ በር ላይ አስሮ ተወው። ከዚያ በእግሩ ወደ ዘንገና ሄደ። ቤቱ ከመግባቱ በፊት ሽማግሌ ወደ ላኩት ሰዎች ቤት ጎራ ብሎ፣ ልጄ አሁን ሁለት አባት አላት፣ እኔ ብቻየን መስጠት አልችልም አላቸውና ወጣ።